ሠርቶ የጻፈና ሰምቶ የጻፈ

ባለፈው ዓመት ክረምት ሲገባ አንድ የሰፈራችን ወጣት፣ ቀድሞ ተማሪዬ የነበረ፣ ስድሳ ገጽ ያህል ጽሑፍ በላስቲክ ጠቅልሎ ወደ ቤቴ መጣ። ተቀምጦ ሻዩን ከጠጣ በኋላ «ጋሼ፣ መጽሐፍ ጽፌአለሁ፤ መቅድሙን እንዲጽፉልኝ ነው የመጣሁት» አለኝ። ዕድሜውን በመምህርነት ለጨረሰ ሰው ከዚህ የበለጠ የምሥራች የለምና እጅግ ደስ አለኝ። መጽሐፉ ስለ ዶሮ እርባታ የሚያስተምር መምሪያ ነበር።

በዚያው ማታ መነጽሬን አድርጌ ማንበብ ጀመርሁ። አማርኛው የጠራ ነው፤ የፊደል ግድፈት እንኳ ብዙ የለበትም። ምዕራፎቹም በሥርዓት ተከታትለዋል፤ የዶሮ ዘር፣ የዶሮ ቤት፣ መኖ፣ በሽታ፣ ገበያ። ዳሩ ግን ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ስደርስ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ይህም ከእርጅና ብቻ የመጣ አይመስለኝም። ጽሑፉ ከዚህም ከዚያም የተለቀመ ስለሆነ የሚናገር ሰው ድምፅ አይሰማበትም። ጫጩቶች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቂ ሙቀት ሊያገኙ ይገባል ይላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በቂ ማለት ምን ያህል ነው? ሙቀቱስ በእኩለ ሌሊት ቢጠፋ ምን ይደረጋል? ይህን አይናገርም።

በማግሥቱ ልጁ ሲመለስ «ለመሆኑ አንተ ራስህ ዶሮ አርብተህ ታውቃለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ጥቂት ዝም ብሎ «አዎን ጋሼ፤ ካቻምና ሃምሳ ጫጩት ገዝቼ ነበር። አርባ አንዱ ሞቱብኝ» አለኝ። እንዴት እንደሞቱ እንዲነግረኝ ለመንሁት። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ዝናባም ሌሊት መብራት ጠፋ። ጫጩቶቹን ያስቀመጠው አራት ማዕዘን ባለው ትልቅ ካርቶን ውስጥ ነበር። ብርዱ ሲጸናባቸው ሁሉም እየተገፋፉ ወደ አንዱ ማዕዘን ሄዱ፤ የኋለኞቹ በፊተኞቹ ላይ ወጡባቸው፤ ከሥር የነበሩት ታፈኑ። እርሱ ተኝቶ ነበር። ሲነጋ ካርቶኑን ሲከፍት በማዕዘኑ የተከመረውን አየ። ከዚያ ወዲህ ለጫጩት ማደሪያ ማዕዘኑን በካርቶን ቁራጭ ዙሪያውን ክብ አድርጎ ማጠፍ እንደሚያስፈልግ፣ ሲበርዳቸው የሚሰበሰቡበት ጥግ ሊኖር እንደማይገባ ተረዳ። ይህን ሲነግረኝ እጁ ሁሉ ይናገር ነበር፤ ክምሩን በእጁ እየሠራ አሳየኝ።

«ይህ ታዲያ ከመጽሐፍህ ውስጥ በስንተኛው ገጽ ላይ ነው?» አልሁት።

«እሱማ አልገባም፣ ጋሼ። ሰው ምን ይለኛል? አርባ አንድ ጫጩት የገደለ ሰው ዶሮ እርባታ ያስተምራል ይሉኛል።»

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፣ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስነሣኝ ይህ መልስ ነው። ከስድሳው ገጽ ውስጥ የእርሱ የሆነው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱንም አፍሮበት አስቀረው። የቀረውን ከሌላ ሰው ተዋሰ። በአሁኑ ዘመን መምሪያ መጽሐፍ የሚጽፉ ወጣቶች በዝተዋል፤ ስለ ንግድ፣ ስለ ጓሮ አትክልት፣ ስለ ልብስ ስፌት፣ ስለ ፈተና አጠናን። አብዛኞቹን እያነበብሁ ስለ ነበር የዚህ ልጅ ስሕተት የእርሱ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

መጥፎ ልብ ወለድ ያነበበ ሰው የሚያጣው አንድ ምሽት ነው። መጥፎ መምሪያ ያነበበ ሰው ግን መጽሐፉን አምኖ ተበድሮ ጫጩት ይገዛል፤ ዱቄቱን ያቦካል፤ መሬቱን ይቆፍራል። የመምሪያ ደራሲ በአንባቢው እጅና በአንባቢው ገንዘብ ነው የሚሠራው።

ነገሩን በሁለት መጻሕፍት ማሳየት እወዳለሁ። ሁለቱም በእንግሊዝ አገር በ19ኛው መቶ ዓመት የወጡ የምግብ አሠራር መጻሕፍት ናቸው፤ የሁለቱም ደራሲዎች ሴቶችና ለዚህ ዓይነት ሥራ ጀማሪዎች ነበሩ። (ስለ እነርሱ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከሁለቱ አንዱን የማውቀው ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የወይዘሮ ቢተን መጽሐፍ ከመጽሐፍ ቅዱስና ከመዝገበ ቃላት ቀጥሎ በመደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ነበር። የሴቶች ልጆች ትምህርት ነው ተብሎ እኛ ወንዶቹ እንድንነካው አይፈቀድልንም ነበር፤ ስለዚህም በደንብ አነበብነው። ሁለተኛውን፣ የወይዘሪት አክተንን፣ ያነበብሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ኤላይዛ አክተን በ1799 ተወለደች። በወጣትነትዋ ባለ ቅኔ ልትሆን ትመኝ ስለ ነበር በ1826 የግጥም መጽሐፍ አሳተመች። ከዚያ በኋላ ሌላ ግጥም ይዛ ወደ ሎንግማን አሳታሚዎች ብትሄድ፣ ግጥም የሚገዛ የለም፣ ይልቅስ ጥሩ የምግብ አሠራር መጽሐፍ አምጪልን አሏት እየተባለ ይተረካል። እርስዋም ቶንብሪጅ በምትባል ከተማ ከእናትዋ ጋር እየኖረች ዐሥር ዓመት ያህል ደከመች። መጽሐፉ በ1845 ሲወጣ ዕድሜዋ ወደ 46 ተጠግቶ ነበር። መታሰቢያነቱንም ለእንግሊዝ አገር ወጣት የቤት እመቤቶች ሰጠች። በመቅድሙ ውስጥ፣ ከጥቂቶቹ በቀር የጻፈቻቸው አሠራሮች ሁሉ በገዛ ቤትዋ፣ በዓይንዋ እያየች የተፈተኑ መሆናቸውን ታረጋግጣለች።

ከእርስዋ በፊት በነበሩት መጻሕፍት የብዙዎቹ ልማድ፣ ቅቤ ጨምር፣ ዱቄት ጨምር፣ እስኪበስል ተወው እያሉ መጠኑንና ጊዜውን ለወጥ ቤቷ መተው ነበር። ወይዘሪት አክተን ግን በእያንዳንዱ አሠራር መጨረሻ ላይ ምን ያህል ቅቤ፣ ምን ያህል ወተት፣ ስንት ዕንቁላል፣ ስንት ደቂቃ ብላ ለይታ ጻፈች። ዛሬ ይህ ለሁላችን ተራ ነገር ይመስለናል። ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማወቅ የእናቶቻችንን ሙያ በወረቀት ላይ ለማስፈር መሞከር ይበቃል። እናቴ እኅቴን እንጀራ ስታስተምር «ውኃው እስኪበቃው»፣ «ሊጡ ሲነሣ»፣ «አብሲቱን ጣል አድርጊበት» ትላት ነበር። እኅቴም ከጎንዋ ቆማ እጅዋን ስለምታይ ሁሉ ገባት። ያንኑ ቃል ጽፋችሁ በአሜሪካ ለተወለደች፣ ሊጥ ሲቦካ አይታ ለማታውቅ የዘመዳችሁ ልጅ ብትልኩላት ግን ምን ታደርገዋለች? አብሲት ማለት ከቦካው ሊጥ ተቀንሶ፣ በውኃ ተበስሎ፣ ወደ ሊጡ የሚመለስ መሆኑን ከየት ታገኘዋለች? ከምን ያህል ሊጥ ምን ያህሉ እንደሚቀነስ፣ ምን ያህል በረድ ሲል እንደሚመለስስ? እናቴ ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ እጅዋ ያውቃል። እጅ የሚያውቀውን ወደ ቃል ለመመለስ ግን አንዱን ነገር አሥር ጊዜ እየሠሩ፣ እየቆሙ፣ እየመዘኑ መጻፍ ያስፈልጋል። ወይዘሪት አክተን ዐሥር ዓመት የፈጀችው በዚህ ነው።

እኔን ይበልጥ ያስደሰተኝ ሌላ ነው። ከብዙዎቹ አሠራሮች በታች ማስተዋያ የምትለው ጥቂት መስመር አለ። እዚያ ላይ፣ ይህን እንዲህ ብታደርጉት ይበላሻል፣ ይህ ጊዜ ለትልቁ ነው፣ ለትንሹ ግን ይበዛል፣ እያለች ታስጠነቅቃለች። ማስተዋያዎቹን ሳነብ ድስት ያሳረረች ሴት በጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ የምታነጋግረኝ ይመስለኛል። ቀልድም ታውቃለች። ከጣፋጮቹ መካከል አንዱን የአሳታሚው ፑዲንግ፣ ሌላውን የድኻው ደራሲ ፑዲንግ ብላ ሰይማቸዋለች። የአሳታሚው በተወቀጠ ለውዝና በክሬም የበለጸገ ነው። የድኻው ደራሲ በወተት፣ በሦስት ዕንቁላልና ቅቤ በተቀባ ዳቦ የሚሠራ ነው። መጽሐፍ አሳትሞ ሒሳብ የተሳሰበ ሰው ሁሉ የዚህ ቀልድ ጣዕም ይገባዋል።

አሁን ወደ ሁለተኛይቱ እንለፍ። ኢዛቤላ ቢተን በ1836 ተወልዳ በ1856 አንድ አሳታሚ አገባች። ባልዋ የሚያወጣው የሴቶች መጽሔት ነበርና በ1857፣ በ21 ዓመትዋ፣ ስለ ምግብ ትጽፍ ጀመር። የሕይወት ታሪክዋን የጻፉት እንደሚሉት፣ ከመጀመሪያዎቹ አሠራሮችዋ በአንዱ፣ በስፖንጅ ኬክ ላይ፣ ዕንቁላሉን ረሳችው። ስፖንጅ ኬክን የሚያስነሣው ዕንቁላሉ ነው! አንድ ጊዜ እንኳ በእጅዋ መትታው ቢሆን ኖሮ ዕንቁላሉን ልትረሳው አትችልም ነበር፤ እየገለበጠ የሚጽፍ ሰው ግን አንድ መስመር ሲዘል ምንም አይታወቀውም።

ታላቁ መጽሐፍዋ ከ1859 ጀምሮ በየወሩ በክፍል በክፍል እየታተመ ቆይቶ በ1861 በአንድ ጥራዝ ወጣ። ከ1,100 ገጽ በላይ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት 60,000 ያህል ቅጂ ተሸጠ። በውስጡ ያሉት አሠራሮች ከመጽሔቱ አንባቢዎች የተላኩና ከቀደሙ መጻሕፍት የተወሰዱ ናቸው፤ ከወይዘሪት አክተን የተወሰዱት ብዙ ናቸው። ራስዋ ሠርታ እንዳስገባችው የሚነገርላት በ1858 ክረምት ለድኾች ልጆች ታከፋፍለው የነበረው ሾርባ ነው። መጽሐፉን ስታነቡ ይህ ያስታውቃል። ትላልቅ ካሮት ሁለት ሰዓት ያህል ይቀቀል የሚል ትእዛዝ አለበት፤ እንዲህ የተቀቀለ ካሮት ሹካ አይሸከመውም። በልጅነታችን በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የምንበላው ካሮት ለምን እንደዚያ እንደነበረ የገባኝ በዚህ ገጽ ላይ ስደርስ ነው።

ይሁን እንጂ ወይዘሮ ቢተንን ልረግማት አልፈልግም፤ ፍርድ ማድላት የለበትም። ሰብስቦ መደርደር ራሱ ሥራ ነው። የሚያስፈልገውን ነገር ዝርዝር ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ያመጣችው እርስዋ ናት፤ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ ለስንት ሰው እንደሚበቃ፣ በየትኛው ወቅት እንደሚገኝ ጨመረችበት። ወጥ ቤት ለቆመች ሴት ይህ ትልቅ ዕርዳታ ነበር። ድካሙም ቀላል አልነበረም፤ በመቅድምዋ፣ ይህን ያህል እንደሚያደክመኝ አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ ለመጀመር አልደፍርም ነበር የሚል ሐሳብ ጽፋለች። ደግሞም በመጽሐፉ ፊት ገጽ ላይ ስምዋ የሰፈረው እንደ አዘጋጅ ነው። እንደ ታላቅ ባለሙያ አሮጊት አድርገው የሣሉዋት በኋላ የመጡት ሰዎች ናቸው። እርስዋ ግን በ1865 ከወሊድ በኋላ በተነሣባት ትኩሳት በ28 ዓመትዋ ሞተች።

ወይዘሪት አክተን ግን ምን አገኘች? በ1855 በታተመው መቅድምዋ ላይ፣ ሌሎች ጸሐፊዎች የድካምዋን ፍሬ ስምዋን ሳይጠሩ እንደሚወስዱባት በምሬት ገልጻለች። ይህን ስትጽፍ የወይዘሮ ቢተን መጽሐፍ ገና አልወጣም ነበር፤ ስለዚህ ወሳጆቹ ብዙ ነበሩ ማለት ነው። በ1859 ሞተች። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን የቢተን ስም በየቤቱ ሲጠራ የእርስዋን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ሆነ። ስለዚህ ሠርቶ የጻፈ ሰው ይከብራል፣ ሰምቶ የጻፈ ይዋረዳል ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም። ገበያው እንደዚያ አልፈረደም።

እንግዲህ በሰዎች ላይ ይህን ያህል ከፈረድሁ በራሴም ላይ ልናገር ይገባኛል። በ1977 ዓ.ም. ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በኮታ በሚሸጥበት ጊዜ በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ አስተምር ነበር። ወጣት ነበርሁ፤ ደራሲ የመሆን ፍላጎትም ነበረብኝ። ከአንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ላይ የሳሙና አሠራር አግኝቼ ወደ አማርኛ መለስሁት። ስቴንስል ቆርጬ፣ በማባዣ መኪና አባዝቼ፣ ከላይ ስሜን በትልቁ ጽፌ ለተማሪዎቹ አደልሁ። አራት ገጽ ነበር፤ የመጀመሪያው መጽሐፌ እርሱ ነው። ሞራውን አቅልጡ፣ ኮስቲክ ሶዳውንና ውኃውን ቀላቅሉ፣ ሁለቱን አንድ ላይ አማስሉ የሚል ነበር። እኔ ግን አንድ ጊዜም እንኳ ሳሙና ሠርቼ አላውቅም።

ኮስቲክ ሶዳ ወደ ውኃ ጥቂት በጥቂት እየተነሰነሰ ይጨመራል እንጂ ውኃ በሶዳው ላይ አይፈስስበትም። ውኃ ከፈሰሰበት ወዲያው ይፈላና ይፈናጠራል። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ይህን ይናገር ነበር፤ እኔ ግን ለማሳጠር ብዬ ሁለቱን ቀላቅሉ አልሁ። ስለ ድስቱም አላሰብሁም፤ ኮስቲክ ሶዳ አልሙኒየምን ይበላል፤ በየቤቱ ያለው ድስት ደግሞ አልሙኒየም ነበር። አንዲት ጎበዝ ተማሪ ሶዳውን ከአንድ የሚያውቁት ሰው ዘንድ አግኝታ በወረቀቴ መሠረት በቤትዋ ሠራች። ውኃውን በሶዳው ላይ አፈሰሰችው። ሲፈናጠር ቀኝ እጅዋንና ከዓይንዋ በታች ያለውን ጉንጭዋን አቃጠላት። ዓይንዋ ተረፈ። ልጠይቃት በሄድሁ ጊዜ እናትዋ ወንበር አምጥተው አስቀመጡኝና፣ «መምህር፣ ልጄ ምን አጥፍታ ይሆን? እንደ ወረቀትዎ ነው ያደረገችው» አሉኝ። ሴትዮዋ የጠየቁኝ ሊነቅፉኝ አልነበረም፤ ልጃቸው ያጎደለችው ነገር ያለ መስሎአቸው ነው። ወረቀቱ በጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ስሜም በላዩ ላይ።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምንም መምሪያ አልጻፍሁም። ይህንንም ደግ አደረግሁ አልልም፤ በእጄ የማውቀው ነገር ነበረኝና እርሱን ልጽፍ በተገባኝ ነበር።

ለዚያ ወጣት የነገርሁት ይህን ነው። መጽሐፍህን ጣለው አላልሁትም። የሙቀቱን ምዕራፍ አውጥተህ በምትኩ ያን ሌሊት ጻፍ አልሁት፤ ስንት ሰዓት ላይ መብራት እንደጠፋ፣ ካርቶኑ ስንት ክንድ እንደነበረ፣ ሲነጋ ምን እንዳየህ ጻፍ። አንባቢህ ስለ ሙቀት ሃያ ጊዜ ሰምቷል፤ ስለ ማዕዘኑ ግን አልሰማም። ከዚያም ዶሮ አርብቶ ለማያውቅ ሰው ምዕራፉን ስጠው፤ ሲሠራ ከአጠገቡ ተቀመጥና አንዲት ቃል እንዳትናገር፤ አፍህን ለመክፈት በተቸገርህበት ቦታ ሁሉ ከመጽሐፍህ የጎደለ መስመር አለ ማለት ነው። ከሌላ መጽሐፍ የወሰድኸውንም ከማን እንደወሰድህ በዚያው ገጽ ላይ ጻፍ፤ ይህን ማድረግ አያሳፍርም።

ልጁ ደስ አላለውም። የወረቀት ዋጋ በየወሩ እንደሚጨምር፣ ከማተሚያ ቤቱ ጋር ቀጠሮ መያዙን፣ ይህን ሁሉ ለመሥራት ዓመት እንደሚፈጅ ነገረኝ። እኔም ዓመት እንደሚፈጅ አላጣሁትም። «ጋሼ፣ እርስዎ ጡረታ ላይ ስለሆኑ ጊዜ አለዎት» አለኝ፤ ይህም እውነት ነው። ወረቀቱን በላስቲኩ ጠቅልሎ ሄደ፤ ለብዙ ጊዜም አላየሁትም። ሳያሳትመው አይቀርም ብዬ በመጽሐፍ መደብሩ በኩል ባለፍሁ ቁጥር መስኮቱን እመለከት ነበር።

በኅዳር ወር አንድ ቀን ማታ በሩን አንኳኳ። ልብሱ ላይ ሰጋቱራ ነበረ። አልቀመጥም ብሎ በደጅ እንደቆመ «ጋሼ፣ ያ በክፍል ውስጥ ያሳዩን የነበረው ቴርሞሜትር አሁንም አለዎት? ለሦስት ሳምንት ያህል ቢያውሱኝ» አለኝ። ነበረኝና ሰጠሁት። መቅድሙን እስከ አሁን አልጻፍሁም፤ እርሱም ቴርሞሜትሩን አልመለሰልኝም።